ግጥም የሌለው ካሴት

ረቡዕ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ጠዋት

ረጅም ድምፅ፣ ሃያ ደቂቃ። ትራምፔቱ አፍ ውስጥ ፎጣ ተወትፎ። ከንፈሬ ዛሬ ደህና ነው፤ ሌላው ሁሉ ደህና አይደለም። እማማ በላይነሽ እንደ ወትሮው ከጎረቤት መጥተው በሩ ላይ ይቆማሉ፣ ማን ሞተ ይላሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ። የዕድር ጡሩምባ እየመሰላቸው። ማንም አልሞተም እማማ፣ እኔ ነኝ እላለሁ። መርቀውኝ ይሄዳሉ። ነፋሱ ከቆሼ በኩል ነው። መስኮቱን ዘግቼ ስነፋ ላብ፣ ከፍቼ ስነፋ ግማት። ዘጋሁት።

ያው፣ 5 ሰዓት

ከሳንሱር ቢሮ መመለሴ ነው። ሦስተኛ ጊዜ። ፋይሌ ሦስተኛ ጊዜ ተመለሰብኝ።

ስማ ደብተር፣ ከዚህ በፊት ስለ ከንፈሬና ስለ አውቶቡስ ብቻ ስለነገርኩህ ይኸን አታውቅም። ነሐሴ ውስጥ ሰባት ዜማ ቀረጽን። እኔ በትራምፔት፣ ፒያኖ፣ ቤዝ፣ ድራም። ዘፋኝ የለም። የመጀመሪያ ካሴቴ። በሠላሳ አራት ዓመቴ የመጀመሪያ ጊዜ ስሜ ከላይ ሊጻፍ ነው፤ እስከ ዛሬ ከዘፋኝ ጀርባ ቆሜ ነበር የምነፋው። ቴፑ ፒያሳ ሙዚቃ ቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ማህተም ይጠብቃል።

ማህተሙ ያለው አቶ ደምሴ ጋ ነው፣ የመዝገቡ ሠራተኛ። ቅጹ «የዘፈኑ ግጥም በሦስት ቅጂ» ይላል። ግጥም የለውም አልኩት። መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ዘፈን ሆኖ እንዴት ግጥም አይኖረውም? ዘፈን አይደለም፣ ጃዝ ነው፣ የሚናገረው ትራምፔቱ ነው አልኩ። ታዲያ የተናገረውን ጽፈህ አምጣ አለኝ። እየቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለደም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እዚያ ቢሮ ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 27

ደምሴን ተሳስቼ ሞኝ አልኩት። ሞኝ አይደለም፣ ፈሪ ነው። አራት ልጆች አሉት። ዛሬም ለምኜው ስወጣ ደረጃው ላይ ተከትሎኝ ወረደና ግራ ቀኝ አይቶ በሹክሹክታ፦ ማህተም የሚያርፈው ወረቀት ላይ ነው ወንድሜ፣ ወረቀት ከሌለ የት ላሳርፈው? የሆነ ነገር ጻፍ። ቴፑን የሚያዳምጠው የለም፣ ማዳመጫው ማሽን ከተበላሸ ዓመት አልፎታል።

አጠና ተራ ፌርማታ አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ገባሁ። ሦስት ሻይ፣ ሰባት ግጥም። ከቀትር እስከ 10 ሰ. ብቻ። እንዲህ ያለ ነገር፦

መዶሻው ይመታል፣ ማረሻውም ያርሳል፣
የሰፊው ሕዝብ ክንድ ተራራ ያፈርሳል፤
ጉም ለብሶ ያደረው የአድኃሪው ጎራ
ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል በተራ።

ያስመልሳል። ጉም ሲቀልጥ አይቼ አላውቅም። እጄ ግን አልቆመም፣ ደስ እያለው ይጽፍ ነበር። ይኸ ሁሉ ቆሻሻ የት ተቀምጦ ነበር እኔ ውስጥ? በየስብሰባው፣ በየሬዲዮው ሲፈስብኝ ኖሮ ተጠራቅሟል ማለት ነው።

ወ. እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። (ወ. ሚስቴ ወይንሸት ናት፤ አማርኛ አስተማሪ።) ከዚያ ቀይ እስክሪብቶዋን አወጣችና ቤት ያልመታውን አቀናችልኝ። ከአሥር አራት ሰጠችኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 1

ታተመ። በየገጹ ማህተም፣ ሰባት ክብ፣ ሰማያዊ። ደምሴ ሲመታው ፊቴን አላየም። ሁለት ነገር ግን አለ። አንደኛ፣ የዜማዎቹ ስም ከግጥሞቹ ጋር አይሄድም ተብሎ ተቀይሯል። «አውቶቡስ ጥበቃ» የነበረው «ወደፊት ጉዞ» ሆነ። «አስኮ ሲነጋ» ደግሞ «የድል ማለዳ»። ሁለተኛ፣ የጸደቀው ግጥም ካሴቱ ውስጥ በሚታጠፈው ወረቀት ላይ መታተም አለበት። ደንብ ነው።

ከዘፋኝ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። ደህና። ወረቀቱን ማን ያነባል፣ ሰው የሚገዛው ሊሰማ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ ብሎኛል። እስከ ፌርማታው ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ኮልፌ ሙሉ ጢስ ነው። ከየግቢው የዓመት ጉድፍ ተጠርጎ ይነዳል፤ አሮጌ ጫማ፣ ላባ፣ ገለባ፣ የተቀደደ ፍራሽ። እማማ በላይነሽ በሽታው ይሂድ እያሉ እሳቱን በእንጨት ይቆሰቁሳሉ። ሳንባዬ ተዘጋ፣ ልምምድ የለም።

ካሴቱ ከትናንት በስቲያ ወጥቷል። ሽፋኑ ላይ ስሜ አለ። ትራምፔት የያዝኩበት ፎቶም አለ፤ ማይክ የያዝኩ ነው የሚመስለው። አንዱን ይዤ ሳንሱሲ ወጣሁ፣ ባሻ ወልዴ ቤት። አስተማሪዬ ናቸው። በንጉሡ ጊዜ በወታደር ባንድ ትራምፔት ይነፉ ነበር፤ አሁን ጥርሳቸው አልቆ አይነፉም። ቴፕ የለኝም፣ ተውሼ እሰማዋለሁ አሉኝ። ወረቀቱን አውጥተው ሳያነቡ መልሰው ሰጡኝ። ይኸ ምን ይሠራልኛል አሉ።

እሑድ፣ ኅዳር 20

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ካነበበ በኋላ ነው የሰማሁት። ጋዜጣው ላይ ወጥቻለሁ። ግማሽ ገጽ፣ በታወቀው ሐያሲ። ወ. ከትምህርት ቤት ይዛው መጥታ ሁለት ቀን ደብቃብኝ ኖራለች። ለምን ደበቅሽ ብላት አንብበውና ንገረኝ አለች።

አነበብኩት። «የዓመቱ ጉልህ የኪነት ድምፅ» ይላል። መዶሻና ማረሻዬን መስመር በመስመር ይተነትናል። ጉሙ የፊውዳል ሥርዓት ነው። መቅለጡ ደግሞ የታሪክ አይቀሬነት። እንኳን ነገረኝ። ስለ ትራምፔት አንዲት ቃል የለም። ጭራሽ መጨረሻው ላይ፣ ልገልብጥልህ፦ «ድምፃዊው ጥርት ባለ የቃላት አወጣጡ እያንዳንዱን ስንኝ ከአድማጭ ልብ ያደርሳል።»

የትኛው ድምፃዊ? ማን ነው ቃል ያወጣው? ሰውየው ካሴቱን ወደ ቴፕ አስጠግቶት አያውቅም። ወረቀቱን አንብቦ፣ ምሳውን በልቶ፣ ጽፎ ሄደ። አሥራ አራት ዓመት ከንፈሬን ያቆሰልኩበት ነገር እንደ ካሴቱ ፕላስቲክ ተቆጠረ። የምስጋናው ባለቤት ሦስት ሻይ ነው።

ገለማኝ። ጋዜጣውን ጨምድጄ ወረወርኩ።

ያው፣ ማታ

ልናገረው፣ አንተ እንጂ ማን ይሰማኛል። ጋዜጣውን አንስቼ በእጄ አለሳለስኩት፣ በመቀስ ቆርጬ መጽሐፍ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። «ጉልህ» የሚለው ላይ ስደርስ ደረቴ ይነፋል። ከሐያሲው ይልቅ ይኸ ነው የሚያስጠላኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 22

ሁሉም እንኳን ደስ ያለህ ይላል። ቀበሌ ሊቀ መንበሩ ጨበጠኝ፤ ድሮ ስለ ጩኸቱ የሚከሰኝ ሰውዬ። የውይይት ክበቡ ሁለተኛውን ግጥም ጮክ ብሎ አንብቦ ተወያየበት። ሰው ሲያነበው ዝቅ ብዬ ጫማዬን አያለሁ። አንድም ሰው ስለ ዜማው አልጠየቀኝም። አንድም።

ከዚያ ፒያሳ። ስለሺ፣ የሙዚቃ ቤቱ ቴክኒሻን፣ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ነበር። ካሴቱን የቀረጸልን፣ የሚያባዛውም እሱ ነው። ነሐሴ ውስጥ መብራት ሲጠፋብን ሻማ ይዞ የቆመልን ሰው። ጉድህን ስማ ታዴ አለኝ። ጋዜጣውን አይተው የገዙ ሰዎች እየመለሱት ነው። ካሴቱ ተበላሽቷል፣ የዘፋኙ ድምፅ ጠፍቷል፣ ጡሩምባው ብቻ ነው የቀረው ይላሉ። አሥራ አንድ ተመልሷል። ዘፋኝ አልነበረውም ቢላቸው ወረቀቱን አውጥተው ያሳዩታል። ታዲያ ይኸ ምንድን ነው?

ስለሺ ሲነግረኝ ይስቅ ነበር። እኔም ሳቅኩ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ከዚያ የሱቁ ባለቤት ገብቶ ስለሺን ሲያየው የሁለታችንም ሳቅ ቆመ። ባለቤቱ የደንበኞቹን ቃል አምኗል። ስለሺ ሲያባዛ ድምፁን ሰርዞታል ብሎ ያስባል። እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩና ደምሴ ትዝ አለኝ፣ አራቱ ልጆች። ዘጋሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 24

ከቀበሌው በላይ ያለው ከፍተኛ ጽ/ቤት ተጠራሁ። ጓድ ሙሉጌታ፣ የኪነት ኃላፊያችን። ቀን ቀን የከፍተኛውን የኪነት ቡድን ልጆች ሙዚቃ የማሠለጥነው እሱ ሥር ነው። ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። ፈራሁ። እስከ ዛሬ ሻይ አዞልኝ አያውቅም።

ጋዜጣው ጠረጴዛው ላይ። ግጥሞቹን ወዷቸዋል፣ ሁለቱን በቃሉ ይላቸዋል፤ አለልኝም። ከዚያ ስለ ድምፁ መጥፋት ነገረኝ፤ ወሬው እሱም ጋ ደርሷል። መፍትሔ አለው። የኪነት ቡድኑ መዘምራን፣ እኔው የማሠለጥናቸው ሃያዎቹ ልጆች፣ ግጥሞቹን በዜማዎቹ ላይ ይዘምሯቸው። ቃሉ እንዲሰማ ትራምፔቱ ዝቅ ይበል። ረዣዥሙ የትራምፔት ብቻ ቦታ ይቆረጥ፣ ሕዝቡን ያሰለቻል። እንደገና ይታተማል፣ በየከፍተኛው ይበተናል። ክረምት ወደ ሶሻሊስት አገር በሚሄደው ቡድን ውስጥም ስሜ አለ።

አንድ ነገር ብቻ፣ አለና ወረቀት ገፋልኝ። የምስክርነት ቃል። «የድምፃዊው ድምፅ በሙዚቃ ቤቱ ቴክኒሻን ጥፋት መሰረዙን አረጋግጣለሁ።» ከታች ስሜ፣ ነጠብጣብ። ግጥም በጸደቀለት ካሴት ላይ ግጥም ከጠፋ አንድ ጥፋተኛ መኖር አለበት፤ አሻጥር ይሁን ግዴለሽነት ይጣራል አለ። እንደ ቀላል ነገር ነው ያለው፣ ስኳር ጨምር እንደሚሉት።

እና እኔ ምን አልኩ? ላስብበት አልኩ። ላስብበት! ጥፍሬን እስክጠግብ ነከስኩ። ስለሺ ሻማ ይዞ የቆመልኝ ሰውዬ ነው፣ እኔ ደግሞ ላስብበት እላለሁ። እስከ ማክሰኞ ጊዜ ሰጠኝ። ሻዩን ጠጣሁት። እስከ መጨረሻው።

ወ. ሰማችኝ፣ ምንም አልመከረችኝም። ሩዙን አማሰለች። አንተ ምን ትፈልጋለህ አለችኝ። ተነስቼ ሳህን አቀረብኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 27

ሳንሱሲ። ባሻ ወልዴ ቴፕ ከልጃቸው ተውሰው ካሴቱን አራት ጊዜ ሰምተውታል። አራት። በዚህ ከተማ ካሴቴን የሰማ ሰው አገኘሁ፣ እግራቸው ላይ ልወድቅ ነበር። የቀጠለውን ከምሰማ ወድቄ ብቀር ይሻል ነበር።

ምንም አልወደዱትም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ንጹሕ ነው አሉ። ሦስተኛው ላይ ቤዝ ተጫዋቹ ጎበዝ ነው፣ ስሙን ጠየቁኝ። አራተኛው፣ ለእኔ ዋናው፣ «አስኮ ሲነጋ» የነበረው፣ እሱ ላይ ቴፑን አቁመው መለሱትና እንደገና አሰሙኝ። አዳምጥ አሉ። አንተ ልጅ፣ እዚህ ጋ ትወጣለህ፣ ጥሩ ትወጣለህ፣ ልትደርስ ስትል ትቆርጠዋለህ። ትንፋሽ አልቆብህ አይደለም፣ ትንፋሽ አለህ፣ ይሰማል። ማን መጣብህ?

ማንም አልመጣብኝም አልኩ። እንደገና አሰሙኝ። እውነታቸውን ነው። ስድስት ዜማ ላይ ስድስት ጊዜ፣ ከፍ ሊል ሲል እታጠፋለሁ። እንደ ፎጣው። ጎረቤት እንዳይቆጣ፣ ሊቀ መንበሩ እንዳይከስ፣ ዘፋኙ እንዳይሸፈን እያልኩ አሥራ አራት ዓመት ተማርኩት፣ ዘፋኝ በሌለበትም አልተወኝም። ፊቴ ነደደ።

ጋዜጣውንና የጓ. ሙሉጌታን ወረቀት ነገርኳቸው። ምክር ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ወደ አራተኛው ተመለሱ። ሲነሡ ብቻ፣ ካሴቱን ከቴፑ እያወጡ፦ ይኸ የአንተ ነው፣ ከነስንፍናው የአንተ ነው አሉ።

አስኮ ፌርማታ አርባ ደቂቃ ቆምኩ። አውቶቡስ አልመጣም። በእግሬ ወረድኩ። ደብተር፣ ይገርምሃል፤ ተወቅሼ ነበር፣ በዚህ ወር ውስጥ ግን ያልቀፈፈኝ ቀን ይኸ ብቻ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 28፣ 11 ሰ.

ልምምድ ተጀምሯል፣ እኔ ሳልፈርም። ጓ. ሙሉጌታ ቸኩሎ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሃያ ልጆች ወረቀቴን ይዘው ቆመዋል። ዜማዬ በቴፕ ይከፈታል፣ እነሱ ከላይ ይጮሃሉ። መዶሻው ይመታል። ከዜማው ጋር አይገጥምም፣ ሲያልቅባቸው ቃሉን ይጎትቱታል። ማረሻውም ያአአርሳል። ሁለቱም ተበላሽተዋል፣ ዜማውም ዘፈኑም። ልጆቹ ጥፋት የለባቸውም፤ ድምፃቸውን ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ፣ ቃሉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አራተኛው ላይ ደረሱ። ያ ባሻ ያቆሙት ቦታ መጣ። እዚያ ጋ ጓ. ሙሉጌታ በእጁ የመቀስ ምልክት አሳየ፤ እዚህ ጋ ይቆረጥ። እኔ ራሴ ቀድሜ የቆረጥኩትን ቦታ።

ወደ ውጭ ወጥቼ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። የሰው ክፋት አይደለም ያንገሸገሸኝ። ሁሉም የሚፈልገውን ያውቃል። ደምሴ ማህተሙን፣ ሐያሲው ገጹን፣ ሙሉጌታ ጥፋተኛውን ነው የሚፈልገው። በመሃል ዜማው የማንም ሆኖ ቀረ፤ የኔም ሳይሆን። ካሴቱ በየከፍተኛው ሲበተን ስሜ ይኖርበታል፣ እኔ አልኖርበትም። ለዚያም የምከፍለው ስለሺን ነው።

ከዚያ ስለሺ ጋ ሄድኩ። ሱቁ ቁልፍ ነው። ቤቱ ሄድኩ። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው ጠይቀውት ሄደዋል፣ ሚስቱ በሩን ግማሽ ብቻ ከፍታ አነጋገረችኝ። ስለሺ ከውስጥ ታዴ ነው? አለ። ነኝ። ምን ልፈርም እንደተባልኩ ነገርኩት። ወደ በሩ መጣና፣ አንተም ነገ ልጆች ይኖሩሃል፣ አላዝንብህም አለኝ።

አላዝንብህም ከሚለኝ ቢሰድበኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 29፣ ማለዳ 12 ሰ.

ከንፈር ደህና። አልነፋሁም።

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ አልልህም፣ ተኝቻለሁ፣ ደህና ተኝቻለሁ። ስነቃ ውሳኔው አልቋል። ደብዳቤ ጻፍኩ። ደምሴን አልጠቀስኩም፤ መምከሩን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን፣ እኔ አልናገርም። ለራሴ እንዲቀር እዚህ እገለብጠዋለሁ፦

«ለከፍተኛው የኪነት ጉዳይ ኃላፊ። ጉዳዩ፦ ካሴቱ ከገበያ እንዲሰበሰብ ስለመጠየቅ።

በካሴቱ ወረቀት ላይ የታተሙት ሰባት ግጥሞች ከዜማው ጋር ተቀርጸው አያውቁም። የጻፍኳቸው እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ለማህተም ስል። የተሰረዘ ድምፅ የለም፣ ድምፃዊም የለም። ሙዚቃ ቤቱ የቀረጽነውን እንዳለ አባዝቷል፣ ቴክኒሻኑ ምንም ጥፋት የለበትም። በመዘምራን እንዲቀረጽ አልስማማም። ስሜ ካለበት እንዳይታተም እጠይቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሦስት ቅጂ። አንዱን ለጋዜጣው። ሐያሲው ይኸንንም ይተንትነው።

ካሴቱ ቀረ ማለት ነው። ስሜ ከላይ የተጻፈበት። ሌላ ይኖር አይኑር አላውቅም፣ ትራምፔቱም የመንግሥት ነው፣ ይመለሳል። ፈርቻለሁ። መፍራቴ ግን አላስጠላኝም። ይኸ አዲስ ነው።

ወ. ደብዳቤውን አነበበች። ቀይ እስክሪብቶ አላነሳችም። ጥሩ ነው፣ አጭር ነው አለች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች፣ ቆየች። አሁን ዘንቢል ይዛ ወጥታ በሩ አጠገብ አስቀመጠችው። አየሁት። ጋቢ፣ ሁለት ካልሲ፣ ሳሙና፣ ማንኪያ። ምናልባት ካልመለሱኝ ብላ ነው። ደብዳቤዎቹን ከላዩ አኖርኩ።

2 ሰዓት ላይ እወጣለሁ።